ሹል ነገር ይዞ አለመናደድ

አሁንም አሳለች፣ ክንዴ እስኪነሳ ጠብቃ ነው የምታስለው፣ ጉንፋን የላትም፣ ጠዋት ክፍል ውስጥ ጮክ ብላ ስታነብ ጉሮሮዋ ጥርት ያለ ነበር፣ አሁን እኔ መስመሩ ላይ ቆሜ ቀስቷን ወደ ዓይኔ ሳስጠጋ ግን እህ፣ ትንሽዬ፣ በመሀረብ የተጠቀለለች ሳል፣ ከዛ ይቅርታ፣ ይቅርታ እህቴ ቀጥይ፣ እህቴ! እኔና አንቺ ደግሞ መቼ ነው የአንድ እናት ልጆች የሆንነው፣ ክንዴን አወርዳለሁ፣ ላቤን ሱሪዬ ላይ እጠርጋለሁ፣ እንደገና አነሳለሁ፣ ወረወርኩ። አንድ። ሃያ ፈልጌ አንድ፣ የዳርት ሰሌዳን የሠራው ሰውዬ ክፉ ነው፣ ትልቁን ቁጥር ከትንሹ ጎን ያስቀመጠው እንደኔ ዓይነቷ ስትንቀጠቀጥ ሊስቅባት ነው።

ጥሩ ሙከራ ነው፣ ትለኛለች ጨዋዋ፣ ሰሌዳው ጎን ጠመኔ ይዛ ቆማ፣ እኛ ጋ ዳኛ የሚባል የለም፣ አንዷ ስትወረውር ሌላዋ እዛ ቆማ ነጥቧን ትጽፍላታለች፣ ቲቸር ነው ይሄን ያመጣው፣ የባላጋራሽን ነጥብ በገዛ እጅሽ ስትጽፊላት ልብሽ ይገራል ይላል፣ የኔ ልብ አልተገራም ቲቸር፣ ይኸው ከስልሳ ላይ አንድ ቀንሳ ሃምሳ ዘጠኝ ስትጽፍ ዘጠኟን እንዴት አሳምራ እንደምታጠማዝዛት እያየሁ ጠመኔውን ላስውጣት አማረኝ።

ፊትሽን ፍቺው ይለኛል ቲቸር በምልክት፣ ግንባሩን በጣቱ እየዳበሰ፣ እሷን አይደለም፣ እኔን፣ እሷማ ይቅርታ ብላለች፣ ይቅርታ ያለ ሰው ምን ይባላል፣ የስፖርት አስተማሪያችን ነው፣ ፊሽካው አንገቱ ላይ ነው የሚያድር ይመስለኛል፣ ዓመቱን ሙሉ የሚደጋግማት ነገር አለችው፣ ዳርት ማለት ሹል ነገር ይዞ አለመናደድ ማለት ነው፣ ውድ ተማሪዎች፣ መወርወርማ ማንም ይወረውራል፣ እኛ እዚህ የምንቀርጸው ስብእና ነው፣ ከጨዋታ በፊት መጨባበጥ፣ ባላጋራ ሲወረውር እንደ ሐውልት መቆም፣ ሲሳካለት ማድነቅ፣ ሲሸነፉ ፈገግታ፣ ሲያሸንፉ ትሕትና፣ እሺ፣ ገባን፣ ስለ ሳል ግን ምንም አላለም፣ ሳል የፈጣሪ ነው።

ጨዋዋ ያልኳት እኔ አይደለሁም፣ የበሩ ጥበቃ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብላ እንዴት አደሩ አባባ ስለምትለው ጨዋዋ ልጅ መጣች እያለ በሩን ይበረግድላታል፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ተቀብሎ ስሟ አደረገው፣ እኔም እንዴት አደሩ እላለሁ እኮ፣ እኔን መታወቂያ ይጠይቀኛል።

ተይው፣ ሰሌዳውን እይ፣ ሰሌዳውን ብቻ። ሃምሳ ዘጠኝ። አስራ ዘጠኝ ከመታሁ አርባ ይቀረኛል፣ ከዛ አርባዋን ከዳር ባለችው ቀጭን ቀለበት በደብል ሃያ ዘጋኋት ማለት ነው፣ አለቀ፣ ዜሮ፣ ለከተማው ውድድር የምትሄደው እኔ ነኝ፣ ከአምስት መቶ አንድ ጀምረን ስንቀንስ ነው እዚህ የደረስነው፣ አንድ ጨዋታ እሷ አንድ ጨዋታ እኔ፣ ይሄ የመጨረሻው ነው፣ እሷ ደግሞ ሠላሳ ሁለት ብቻ ቀርቷታል፣ ሠላሳ ሁለት! ለሷ ማለት ከንፈሯን እንደመላስ ነው።

በያት! የወንበር ጓደኛዬ ናት፣ ከኋላ፣ ከተሰባበሩት ዴስኮች ክምር ላይ ተንጠልጥላ፣ ሶኬት፣ በያት!

ማነው! ቲቸር ዞረ።

ማንም። ሳቅ። እኔም ልስቅ ነበር፣ ሁለተኛዋን ቀስት አነሳሁ እንጂ።

ሶኬት እኔ ነኝ፣ ድሮ ሲሉኝ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ የምትውል ለማለት ነበር፣ እውነታቸውን ነው፣ እረፍት ሰዓት ግድግዳ፣ ምሳ ሰዓት ግድግዳ፣ ከዛም ግድግዳው ራሱ ሲያፈጥብኝ ወደዚህ፣ ወደ ዕቃ ማስቀመጫው፣ በሩ አይቆለፍም፣ አቧራና የጎማ ኳስ ሽታ፣ አምፑሉ አንድ ነው፣ ዳርቱን እዚህ ነው ያገኘሁት፣ ለመጫወት አልገባሁም፣ ለመደበቅ ነው የገባሁት፣ ምን ላድርግ፣ እጅ ሲፈታ ይወረውራል፣ ወረወርኩ፣ ወረወርኩ፣ አንድ ቀን ቲቸር በሩን ከፍቶ ቆሞ አየኝ፣ አንቺ ልጅ ማን አስተማረሽ፣ ማንም ቲቸር፣ ከዛ በኋላ ነው ሰው የሆንኩት፣ ክፍል ውስጥ እጄን አወጣለሁ አሁን፣ ሂሳብ አስተማሪው ጥቁር ሰሌዳው ላይ ምልክት ሲገለብጥ ይቅርታ ቲቸር መቀነስ ነው የሚሆነው አልኩት፣ እኔ! አፌ ራሱ ገረመው፣ አሁን ሶኬት የሚሉኝ ትከሻዬ ላይ እጃቸውን ጥለው ነው፣ ዛሬ ብሸነፍስ፣ ተጠባባቂ ሆነሽ ትሄጃለሽ ብሎኛል ቲቸር፣ እሺ፣ እሱም አውቶቡስ ላይ መውጣት ነው፣ ግን ብሸነፍስ፣ ሰኞ ይመጣል፣ ማነሽ ቢሉኝስ፣ ግድግዳው እኮ የትም አልሄደም፣ እዛው ቆሞ ይጠብቀኛል።

አስራ ዘጠኝ።

አስራ ዘጠኝ! ገባች! ከታች ጥግ፣ ቀጥ ብላ፣ ጨዋዋ ጎበዝ አለች፣ ጎበዝ፣ ሞቅ አድርጋ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛው ጎበዝ ሦስተኛዋን ቀስት ሳነሳ ነው የመጣው፣ ታውቂበታለሽ፣ ታውቂበታለሽ አንቺ ልጅ፣ አድናቆትሽን እንኳ ሰዓት ቆጥረሽ ነው የምትወረውሪው፣ ደብል ሃያ፣ ከላይ፣ ቀጭን፣ ቀይ፣ ትንፋሽ፣ ሂጂ።

ከሽቦው ውጪ። የፀጉር ያህል ውጪ።

አይዞሽ፣ አለችኝ፣ ዓይኗን በሐዘን ጨፍና ከፍታ። አይዞሽ ይባላል? ምን ሆኜ? ማን ሞተብኝ?

ቀስቶቼን እነቅላለሁ፣ ቦታ እንቀያየራለን፣ ስንተላለፍ ሽቶዋ፣ ስታልፊ ትከሻሽን ገፋሁሽ መሰለኝ ይቅርታ አለች፣ አልነካችኝም፣ ያልነካችኝንም ይቅርታ ትጠይቀኛለች፣ ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ ያ ቃል፣ ቤቷ የሄድን ቀን አይቼዋለሁ፣ የዳርት ክበባችንን በሙሉ ጠርታ፣ አባቷ አዲስ ሰሌዳ ገዝቶላት ሳሎን ተሰቅሎ፣ እኔ በር ላይ ጫማዬን ሳወልቅ፣ ካልሲዬ ጣቱ ጋ፣ አዎ፣ የተቀደደ ነበር፣ ውይ ማውለቅ የለብሽም እኮ የኔ ቆንጆ፣ ይቅርታ ሳልነግርሽ፣ ምንጣፉ ለነገሩ ነገ ሊታጠብ ነው፣ ሁሉም እግሬን አየ፣ ማንም ምንም ክፉ ነገር አልተናገረም፣ ምን ብዬ ልክሰሳት፣ ምንጣፉ ይታጠባል አለችኝ ብዬ?

እናቴም ይቅርታ ትላለች፣ ግን የሷ ሌላ ነው፣ ልብስ ንጽሕና መስጫ ውስጥ ባንኮኒ ጀርባ ቆማ ነው የምትውለው፣ አንዱ ሰውዬ ኮቱን ባንኮኒው ላይ ወርውሮ ይሄ ቆሻሻ ከናንተ ነው የመጣው ሲላት፣ ወጥቶ ያደረ የእስክሪብቶ ቀለም ነው፣ ኪሱ ውስጥ፣ የራሱ እስክሪብቶ፣ ይቅርታ ጌታዬ፣ ይቅርታ፣ እናስተካክለዋለን፣ እማ ለምንድነው የምትጠይቂው ስላት ዝም በይ፣ ቃል ነው፣ ቃል አያልቅም አለችኝ፣ ኮቱን ግን ሦስቴ አጥፋ ሦስቴ ፈታችው፣ የእናቴ ይቅርታ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፣ የዚችኛዋ ከላይ ወደ ታች ይፈስሳል፣ አንድ ቃል አይደለም፣ ማንም አንድ ነው አይበለኝ።

ጠመኔውን ያዝኩ። አሁን ሐውልቷ እኔ ነኝ።

ማሳል እችላለሁ። አሁን፣ ክንዷ ሲነሳ፣ እህ ማለት፣ ይቅርታ እህቴ፣ ጉሮሮዬ ተዘጋጅቷል፣ ምራቄን ዋጥኩ፣ አላስልም፣ ከጨዋነት አይደለም፣ እንዳንቺ መሆን ስለሚያቅለሸልሸኝ ነው፣ ወረወረች፣ ከሽቦው ውጪ፣ እሰይ! ፊቴ አልተንቀሳቀሰም፣ ፊቴ ድንጋይ ነው፣ ሆዴ ውስጥ ግን ጭፈራ ነው፣ ሁለተኛዋን አነሳች፣ እግሯን አስተካከለች፣ አትምቺያት፣ ሳቺያት፣ ሳቺያት

ጥፍ።

ደብል አስራ ስድስት። ውስጥ። አየኋት፣ አፍንጫዬ ሥር ናት፣ ከቀለበቷ ውስጥ ናት፣ ጥርጥር የለውም፣ አለቀ፣ ሠላሳ ሁለት ሲቀነስ ሠላሳ ሁለት ዜሮ፣ ጭብጨባ፣ ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ፣ አለቀ፣ ሄደች፣ እሷ ናት የምትሄደው፣ ፈገግ በይ፣ ሲሸነፉ ፈገግታ፣ ጉንጬን ወደ ላይ ሰቀልኩት፣ ፈገግታ ይሁን ምን ይሁን አላውቅም።

እና ያኔ ጅራቷን አየሁ።

የቀስቷን ጅራት። ላባው ቀስ ብሎ ወደ ታች እየሄደ ነው፣ ቆይ፣ ቆይ እስቲ፣ እዛ ጋ እኮ ሰሌዳው ላልቷል፣ ግራ በታች፣ ሁላችንም ለመዝጋት የምንለማመደው እዛችው ላይ ስለሆነ ተወግታ ተወግታ ወንፊት ሆናለች፣ የተሰካ ይይዛል፣ ከዛ ጅራቱን እየጣለ እየጣለ ይመጣል፣ ከዛ ጠብ፣ እዚህ የምንውል ሰዎች እናውቃለን፣ ሰክተሽ ሮጠሽ መንቀል ነው፣ እሷ ሳሎን ውስጥ አዲስ ሰሌዳ ላይ ነው የምትለማመደው፣ አዲስ ሰሌዳ ጥርስ አለው፣ አታውቅም፣ ሕጉን ግን ታውቃለች፣ የወረወረችው በራሷ እጅ ሳትነቅላት ከወደቀች ነጥብ አይደለም፣ ባለፈው ወር በኔ ደርሷል፣ አሸነፍኩ ብዬ ስዘል ወደቀችብኝ፣ ቲቸር አልተቆጠረም አለ፣ ጨዋዋ ናት ያኔ ከሁሉም ቀድማ ሕግ ሕግ ነው ያዝናል ያለችው።

ንቀያት እንጂ። ምን ትጠብቃለች።

ትጨብጣለች! ጨዋዋ አይደለች እንዴ፣ መጀመሪያ ሰው ነው የምትጨብጠው፣ ሁሌ እንዲህ ናት፣ ቀስቶቿን መጨረሻ ላይ ነው የምትነቅለው፣ ወደ ቲቸር ሄደች፣ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ጎንበስ፣ አመሰግናለሁ ቲቸር የእርስዎ ልፋት ነው፣ ቲቸር ዓይኑ እንባ ሊያቀርር፣ ጅራቷ ወረደች፣ አሁን ወደኔ፣ አትሮጥም፣ ያሸነፈ ሰው አይሮጥም፣ ደረሰች፣ እጇን ዘረጋች፣ ያዝኳት።

ለስላሳ እጅ። ሞቃት። ድንቅ ጨዋታ ነበር፣ አለች፣ ለሁሉም እንዲሰማ፣ ከዛ ጠጋ ብላ ለኔ ብቻ፣ እጅሽ በረዶ ነው፣ ፈርተሽ ነበር አይደል የኔ ቆንጆ።

አዎ ፈርቼ ነበር። አሁንም ፈርቻለሁ። ግን እጅሽ እጄ ውስጥ ነው።

በትከሻዋ በኩል ይታየኛል፣ ሹሉ ግማሹ ወጥቷል፣ ጥቂት፣ ጥቂት ብቻ ልያዛት፣ እንኳን ደስ አለሽ ልበላት፣ ረዘም አድርጌ፣ ሞቅ አድርጌ፣ እጇን በሁለት እጄ ይዤ ከላይ ከታች ልወዝውዛት፣ ማን ምን ይለኛል፣ እየጨበጥኩ ነው፣ ጨዋነት ነው፣ ስብእና ነው ቲቸር፣ ይወድቃል፣ አይቆጠርም፣ ከዛ አርባ ይቀረኛል፣ ደብል ሃያ፣ እኔ ነኝ የምሄደው፣ ሰኞ ግድግዳ የለም፣ እሷም ታስል፣ ትንፈቅፈቅ፣ በገዛ ጨዋነቷ ጉሮሮዋን አንቄ፣ እንዴት ይጣፍጣል፣ ምራቄ ሞላ፣ ያዣት፣ ያዣት ሶኬት፣ እና ከዛ? ከዛማ ተበዳይ ትሆናለች! ውይ! ዕድሜዋን ሙሉ፣ ያ ቀስት ባይወድቅ ኖሮ እያለች፣ ግን አላዘንኩም እኮ፣ ሕግ ሕግ ነው እኮ፣ ይቅርታዋን እንደ ሜዳሊያ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ሁሉም ምስኪን ጨዋዋ፣ ሁሉም ምን ዓይነት ልብ ነው፣ እኔ ደግሞ በጭብጨባው መሃል በወደቀ ቀስት ዕድሏን የበላሁባት ሌባ፣ ሞቼ ነው! ይሄን ላንቺ አልሰጥሽም፣ እኔ እንድጠላሽ ነው የምፈልገው፣ በደንብ፣ ሙሉውን፣ ዕዳ ሳይኖርብኝ፣ አሸንፈሽ ሂጂልኝ፣ እንደሚገባ አሸንፈሽ ከፊቴ ጥፊ

እጄን መነጨቅኩ።

ንቀዪ! አልኳት።

ዓይኗ ፈጠጠ፣ እጇ አየር ላይ ቀረ፣ ምን?

ንቀዪው ነው የምልሽ! ጮህኩ መሰለኝ፣ ትከሻዋን ይዤ ወደ ሰሌዳው ገፋኋት፣ ውይይይ አለ ቤቱ በሙሉ፣ የሆነ ሰው ሊደባደቡ ነው አለ፣ ፊሽካ፣ እጇን ወደ ሰሌዳው ሰደደች፣ ላለመውደቅ ይሁን ገብቷት ይሁን እንጃ፣ ጣቷ ላባውን ነካ፣ ቀስቷም መጣች፣ ተነቀለች አይባልም፣ የበሰለ ፍሬ መዳፍ ላይ እንደሚወድቅ መዳፏ ላይ ተኛችላት፣ ምንም አልጎተተችም፣ አየሁ፣ እሷም አየች፣ ቀዳዳውን አየችው፣ አውራ ጣቷን አስጠግታ ዳበሰችው፣ እንደ ዱቄት ረገፈ።

ከሁለታችን በቀር ማንም አላየም፣ ጀርባዋ ለነሱ ነው።

ምንድነው ይሄ! ቲቸር መጥቷል፣ ጆሮው ቀልቷል፣ ምንድነው ይሄ ነውር! እጅ መንጠቅ! ባላጋራን መግፋት! በተዘረጋ እጅ ላይ! ዓመት ሙሉ ያስተማርኩሽ ይሄን ነው? መሸነፍ የማይችል ሰው ለዚህ ክበብ አይሆንም፣ ለተጠባባቂነትም አይሆንም፣ ሰምተሻል? የትምህርት ቤቱን ስም ይዘሽ ልትሄጂ ነበር!

አፌን ከፈትኩ። ላልቶ ነው፣ ልትወድቅ ነበር፣ ቲቸር ቀስቷ ልትወድቅ ነበር፣ ቃሉ ሁሉ ደረቴ ላይ በአንድ በር እንደሚጋፋ ሰው ተሰነቀረ፣ አንድም አልወጣ፣ እግሬ ወደ ግድግዳው ሄደ፣ ራሱ፣ ሳላዘው፣ ጀርባዬ ቀዝቃዛውን ሲሚንቶ ነካ፣ የወንበር ጓደኛዬ እንኳ ከዴስኩ ወርዳ መሬት መሬት ታያለች፣ አፈረችብኝ።

ትናገራለች። አሁን ትናገራለች፣ ቀስቷ መዳፏ ላይ ናት፣ ቲቸር ቆይ ረድታኝ ነው ብትል አለቀ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ እሷ እኮ ስትናገር ሁሉም ያምናታል፣ ወደ ቲቸር ዞረች፣ አንገቷን ዘንበል፣ ያቺ ድምፅ።

ይተዋት ቲቸር፣ ስሜታዊ ሆና ነው፣ እኔ ይቅር ብያታለሁ።

ይቅር ብያታለሁ።

ኡፍ አለ ቤቱ። ልጅ ማለት ይህች ናት አለ ቲቸር፣ ድምፁ ተሰባብሮ፣ አያችሁ? አያችሁ ወይ? ይሄን ነው የምላችሁ! ማጨብጨብ ጀመሩ፣ በቀስቱ ጊዜ ካጨበጨቡት ይበልጣል፣ እሷ ደግሞ ወደኔ መጣች፣ አቀፈችኝ፣ እኔን! ግድግዳው ላይ እንዳለሁ፣ ፀጉሯ አፌ ውስጥ ገባ፣ ሥሬ ቆማ ስለሆነ በጆሮዋ አልኳት፣ ትንፋሽ በምታክል ድምፅ፣ ልትወድቅ ነበር እኮ።

አውቃለሁ፣ አለችኝ።

እንዲሁ። እያቀፈችኝ፣ ጀርባዬን መታ መታ እያደረገች፣ አውቃለሁ፣ ሰዓት ስንት ሆነ ሲሏት እንደምትመልሰው፣ ከዛ ለቀቀችኝና ፈገግ ብላ ወደ ሰዉ ዞረች።

በደሜ ውስጥ የሆነ ነገር ጸጥ አለ። አልፈላም፣ ጸጥ ነው ያለው፣ የገረመኝ እሱ ነው፣ ፍርሃቱ አልሄደም፣ ግን ከበላዬ ሳይሆን ከጎኔ የቆመ መሰለኝ።

በይ እንግዲህ፣ ይላል ቲቸር፣ ቁጣው በርዶለት፣ ፊሽካውን ወደ ሸሚዙ እየመለሰ፣ እሷ እንዲህ ካለች እኔም አልጨክንም፣ ተጠባባቂነትሽ ይቆይልሻል፣ አውቶቡሱ ላይ ትወጫለሽ፣ ብቻ በሁሉም ፊት አመስግኛት፣ አንድ ቃል ነው፣ አመሰግናለሁ በያትና ይለቅ።

አንድ ቃል ነው። አውቶቡስ በአንድ ቃል። ሁሉም ያየኛል፣ የወንበር ጓደኛዬ ቀና ብላ በይ እንጂ በዓይኗ ትለኛለች፣ በይና ነገር ይለፍ፣ ጨዋዋ ራሷን ዘንበል አድርጋ ቆማለች፣ ምስጋናዬን ለመቀበል፣ ገና ሳይመጣ ምንም አይደል ልትለኝ ከንፈሯን አዘጋጅታ፣ ቀስቷን በመሀረቧ እየጠረገች፣ ጀርባዬን ከሲሚንቶው አላቀቅኩ፣ አንድ እርምጃ፣ አምፑሉ ሥር፣ እንዲያዩኝ።

አላመሰግንም።

ምን አልሽ?

ድምፄ ነው ይሄ፣ ቀጭን፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይንቀጠቀጥ፣ አላመሰግናትም ቲቸር፣ እሷ ታመስግነኝ፣ ለምን ብለው እኔን አይጠይቁኝ፣ እሷን ይጠይቋት፣ ያቺን ቀስት ነቅለሻታል ወይስ ወደቀችልሽ ብለው ይጠይቋት፣ በሁሉም ፊት፣ ታውቃለች፣ አሁን በጆሮዬ አውቃለሁ ብላኛለች።

ቲቸር ወደ እሷ ዞረ። ሁሉም ዞሩ። መሀረቡ ቀስቷ ላይ ቆመ፣ ጥርሷ አሁንም እንደተገለጠ ነው፣ ፈገግታውን የት እንደምታስቀምጠው ግን ጠፍቶባታል።